አንዱ ድርሃም ለቤት፣ አንዱ ለመጥረቢያ



በየዓመቱ በሰኔና በሐምሌ በየዩኒቨርሲቲውና በየኮሌጁ የምረቃ መድረክ ላይ ለወጣቱ የሚለገሰው ምክር አንድ ዓይነት እየሆነ መጥቷል። «የምትወደውን ተከተል፤ ልብህ ያዘነበለበትን ሥራ፤ ገንዘቡ ራሱ ይመጣል» ይባላል። ተመራቂውም ያጨበጭባል። ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ምክር ይጠብቀዋል። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅንህ እንድትደርስልን ነው። ቶሎ ደመወዝ ያዝና ታናናሾችህን አስተምር» የሚል የእናትና የአባት ቃል ነው። ወጣቱ በሁለቱ መካከል ይቆማል። የመጀመሪያው ምክር ልቡን ያሞቀዋል፤ ሁለተኛው ኅሊናውን ይይዘዋል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። አንድ ተማሪ በውስጡ ያለውን ዝንባሌ ይዞ ቢነሳና የሰው ችግር የሚፈታበት ሥራ ቢያደርገው፣ ያደረገው ነገር ምንድን ነው? በመብቱ ተጠቀመ እንበል? ግዴታውን ተወጣ እንበል? ወይስ ቤተሰቡ እየተቸገረ እሱ በራሱ ምኞት እየተጫወተ ነው እንበል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የኢኮኖሚ ጉዳይ ይመስላል። ሥረ መሠረቱ ግን የሥነ ምግባር፣ ከዚያም አልፎ የእምነት ጥያቄ ነው።

ዝንባሌ የማን ነው?

«የምትወደውን ተከተል» የሚለው ምክር ጉድለቱ ፍቅርን ማንሳቱ አይደለም። ጉድለቱ ዝንባሌን የግል ንብረት አድርጎ ማየቱ ነው። በዚህ አመለካከት ሰው የሚወደው ነገር የራሱ ስለሆነ ቢያሳድገውም ቢጥለውም ጠያቂ የለበትም። እስልምና ነገሩን በዚህ መልኩ አይመለከተውም። አንዱ ልጅ ቁጥር ሲያይ ፊቱ የሚበራው፣ ሌላዋ የተበላሸ ሬዲዮ ካልፈታታች እንቅልፍ የማይወስዳት፣ ሦስተኛው የዘራው ሲበቅል እያየ የሚደሰተው ይህን ዝንባሌ ከገበያ ገዝተውት አይደለም። የተሰጣቸው ነው። የተሰጠ ነገር አማና ነው፤ አማናን ደግሞ ባለቤቱ ይጠይቅበታል።

ቲርሚዚ የዘገቡት የታወቀ ሐዲስ አለ። ትርጉሙም በቂያማ ቀን የሰው ልጅ ዕድሜውን በምን እንዳሳለፈው፣ በዕውቀቱ ምን እንደሠራበት፣ ገንዘቡን ከየት አምጥቶ በምን ላይ እንዳዋለው፣ አካሉንም በምን እንዳደከመው ሳይጠየቅ እግሩ ከቆመበት አይነቃነቅም የሚል ነው። ልብ እንበል! ስለ ገንዘብ የሚቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው፤ ከየት መጣ? የት ገባ? ስለ ዕውቀት የሚቀርበው ጥያቄ ግን ዲግሪ ነበረህ ወይ የሚል አይደለም። ምን ሠራህበት የሚል ነው።

ቁርአንም የእጅ ሙያን ሲያነሳ ለምን እንደተሰጠ አብሮ ያነሳል። በሱረቱል አንቢያእ አላህ (ሱ.ወ.) ለነብዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) የጥሩር አሠራርን እንዳስተማራቸው ሲነግረን፣ ሙያው ሰዎችን ከጥቃት እንዲጠብቅ የተሰጠ መሆኑን አያይዞ ይነግረናል፤ ለዚህም ታመሰግኑ እንደሆነ ይጠይቀናል። ብረት በእጃቸው የላላላቸው ለጌጥ አልነበረም ማለት ነው። ነብዩ ኑሕም (ዐ.ሰ.) መርከቡን ሲሠሩ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይሳለቅባቸው እንደነበር ሱረቱ ሁድ ላይ እናነባለን። አናጢነቱ ያን ያህል ዋጋ ያገኘው እንጨቱ ስላማረ አይደለም። የሚመጣ ውሃ ስለነበረ፣ ከውሃው የሚድኑ ሰዎችም ስለነበሩ ነው።

የሺዱላይ ጀልባ

ስለ ውሃና ስለ መርከብ ካነሳን አይቀር፣ በእኛው ዘመን አንድ ሙስሊም ወጣት የሠራውን እንመልከት።

ባንግላዴሽ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነ፣ በታላላቅ ወንዞች መካከል የተንጣለለች ዝቅተኛ አገር ናት። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ባለው የዝናብ ወቅት ወንዞቹ ሞልተው እርሻውንና መንገዱን ይውጡታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የደረሰው ጎርፍ ከአገሪቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አጥለቅልቆ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነበር። በሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ናቶር፣ ቻላን ቢል ከሚባለው ሰፊ ረግረግ አካባቢ ባሉ መንደሮች ውሃ በመጣ ቁጥር ልጆች ከትምህርት ገበታ ይቀራሉ። መንገዱ ራሱ ውሃ ይሆናል። ለወራት ከቀሩት መካከል፣ በተለይም ከሴቶቹ፣ ውሃው ሲጎድልም የማይመለሱ አሉ።

አቡል ሐሰናት ሙሐመድ ረዝዋን ያደገው እዚያው አካባቢ፣ ሺዱላይ በምትባል መንደር ነው። እሱንም በልጅነቱ ውሃ ከትምህርት ያስቀረው ነበር። አድጎ ወደ ዋና ከተማዋ ዳካ ሄደና በባንግላዴሽ የኢንጂነሪንግና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ተማረ። የሕንፃ ንድፍ ሙያው ሆነ። ለአገሩ ልጆች ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት የመሥራት ሐሳብም ነበረው። ነገር ግን አንድ ነገር ከፊቱ ተደቀነ። የሚሠራው ሕንፃ ምንም ያህል ቢያምር የሚቆምበት መሬት በየዓመቱ ውሃ የሚወስደው መሬት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያን ጊዜ ለወጣቱ ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሩት። አንደኛው ዳካ ቀርቶ ለባለሀብት ቤትና ፎቅ መንደፍ ነው። ሐላል ሥራ ነው፤ ማንም አይወቅሰውም። ሁለተኛው የሚወደውን ሕንፃ መንደሩ ውስጥ ሠርቶ፣ ጎርፍ ሲያፈርሰው ዕድሉን እያማረረ መቀመጥ ነው። ረዝዋን ሁለቱንም ትቶ ጥያቄውን ገለበጠው። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤቱ መሄድ ካልቻሉ ትምህርት ቤቱ ወደ ልጆቹ ይሂድ አለ። መሬት ላይ የሚቆም ቤት መንደፍ የተማረ ሰው ትምህርት ቤቱን ጀልባ ላይ ሠራው።

ትምህርቱን በጨረሰበት እ.ኤ.አ. በ1998 ከተማሪነት ዘመኑ የነፃ ትምህርት ገንዘብ ያጠራቀመውን 500 የአሜሪካን ዶላር ያህል ይዞ ሺዱላይ ስዋኒርቫር ሳንግስታ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አቋቋመ። ስዋኒርቫር ማለት ራስን መቻል ማለት ነው። የመጀመሪያው የጀልባ ትምህርት ቤት ውሃ ላይ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በመካከሉ አራት ዓመት አለ። አብረውት የተመረቁት ደመወዝ ሲቆጥሩ እሱ የሚቆጥረው ቀን ነበር ማለት ይቻላል።

ጀልባው በአካባቢው የጀልባ አሠራር የተሠራ፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ስለሆነ ጥልቀት በሌለው ውሃም ይሄዳል። ከአንዱ የወንዝ ዳር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ልጆቹን ይሰበስባል፤ ከዚያም አንድ ቦታ ይታሰርና 30 ያህል ልጆች ይማሩበታል። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሰሌዳ ስላለ መብራትም ኮምፒዩተርም ይሠራል። ሴት ልጃቸውን ሩቅ መላክ የሚፈሩ ወላጆች ትምህርት ቤቱ ደጃቸው ድረስ ሲመጣላቸው የሚፈሩት ነገር ቀነሰ። እየቆየም የቤተ መጻሕፍት፣ የክሊኒክና ገበሬዎች የሚሠለጥኑባቸው ጀልባዎች ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ድርጅቱ ከጌትስ ፋውንዴሽን የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ የመጣው ግን ሥራው ከተጀመረ ከሰባት ዓመት በኋላ መሆኑን አንርሳ።

ፍቅርና ችግር ሲገናኙ

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚወስደው ትምህርት «የሚወደውን ተከተለና ተሳካለት» የሚል ነው። በእኔ እምነት ግን ትምህርቱ የተገላቢጦሽ ነው። ረዝዋን የሚወደውን አልተከተለም፤ የሚወደውን ነገር ለሰዎቹ ችግር አስገዛው። ሙያው ሕንፃ ነበር፤ ችግሩ ጀልባ ጠየቀው፤ ጀልባ ሰጠ። የዝንባሌ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ «የምትወደውን ነገር መልኩን ለውጥልኝ» ሲለው ይለውጣል ወይስ አይለውጥም?

ብዙዎቻችን በዚህ ፈተና እንወድቃለን። ሰው እንረዳለን ብለን ስንነሳ ሰዉ የሚያስፈልገውን ሳይሆን እኛ መሥራት የምንወደውን እንሰጠዋለን። ኮምፒዩተር የሚወድ ተማሪ የችግሩ ሁሉ መፍትሔ ኮምፒዩተር ይመስለዋል። መናገር የሚወድ ሰው የጎደለው ነገር ሁሉ በንግግር የሚሞላ ይመስለዋል። ይህ ዓይነቱ ሰው ሳያውቀው የሰውን ችግር ለራሱ ፍቅር ማገልገያ ያደርገዋል። ነፍስያ በመጥፎ ሥራ ብቻ አትመጣም፤ በጎ ሥራ ለብሳም ትመጣለች።

በሌላ በኩል ፍቅር የሌለበት መፍትሔም ዕድሜ የለውም። የሰውን ችግር እንደ ገበያ ብቻ አይቶ የገባበት ሰው ትርፉ ሲዘገይ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል። ያን አራት ዓመት ባዶ እጅን ይዞ የሚያስጠብቅ የትርፍ ስሌት አይገኝም። ሰብርን የሚወልደው ፍቅር ነው። አቅጣጫ የሚሰጠው ደግሞ ችግሩ ነው። ሁለቱን አስሮ ወደ ዒባዳ የሚያደርሳቸው ኒያ ነው። አንዱ ሲጎድል ሥራው ወይ ጨዋታ ይሆናል፣ ወይ ቀዝቃዛ ንግድ ይሆናል፣ ወይም ከዱንያ የማያልፍ ድካም ሆኖ ይቀራል።

ዑለማዎቻችን ፈርድ ኪፋያ የሚሉት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ላይ ሕክምናንና ሒሳብን፣ እርሻንና ሽመናንም ሳይቀር ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል። በዘመናቸውም ሰዉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጎርፍ ሙስሊም ሐኪም የሌለባቸው ከተሞች መኖራቸውን አንስተው ወቅሰዋል። ፈርድ ኪፋያን ጥቂቶች ከተወጡት ከሌላው ላይ ይወርዳል፤ ማንም ካልተወጣው ግን ወንጀሉ የሚችሉትን ሁሉ ይይዛል። እንግዲያውስ ችሎታውና ፍላጎቱ የተሰጠው ሰው ለዚያ ግዴታ ከሌላው ሁሉ የቀረበ ነው። ለሌላው ሸክም የሚሆነው ለእሱ ቀሎለታልና። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን ግማሽ መልስ አገኘን፤ ዝንባሌን ለሰው ችግር ማዋል ቅንጦት አይደለም።

እናት እየጠበቀች?

ግማሽ መልስ ያልኩበት ምክንያት አለ። የወላጆችን ጥያቄ ገና አልመለስንም። ይህ ጥያቄ ደግሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሥራ ፈጣሪነትን የሚሰብኩ ብዙ ጽሑፎች ቤተሰብን እንደ እንቅፋት ያዩታል፤ አያመነታም፣ ጥሎ ይውጣ ይላሉ። እኛ እንዲህ ልንል አንችልም። ለዘመቻ ሊወጣ ፈቃድ የጠየቀ ሰው ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ሲናገር ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ እነሱ ተመልሶ በእነሱ አገልግሎት እንዲታገል እንዳዘዙት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዘመቻን ያስቀደመ ወላጅ የማገልገል ግዴታ የተማሪን ሕልምማ እንዴት አያስቀድም? በእንጀራ ሽያጭ ልጇን ያስተማረች እናት «አራት ዓመት ጠብቂኝ» ሲባል ምን በልታ ትጠብቅ?

ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ታሪክ በሱነን አቡ ዳውድ ውስጥ ከአነስ (ረ.ዐ.) ተዘግቧል። በሰነዱ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት የተነጋገሩበት ቢሆንም ትምህርቱ ሲነገር የኖረ ነው። አንድ ከአንሷር የሆነ ሰው ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለልመና መጣ። እሳቸውም ቤቱ ምንም ነገር የለ እንደሆነ ጠየቁት። ከፊሉን የሚለብሱት ከፊሉን የሚያነጥፉት አንድ ጨርቅና ውሃ የሚጠጡበት አንድ ዕቃ እንዳለ ነገራቸው። አስመጧቸውና ለጨረታ አቀረቧቸው። አንዱ ሰው አንድ ድርሃም አለ። እሳቸው የሚጨምር ካለ ደጋግመው ጠየቁ። ሌላው ሁለት ድርሃም ሰጠ። ሁለቱን ድርሃም ለሰውየው ሰጡትና በአንዱ ምግብ ገዝቶ ለቤተሰቡ እንዲያደርስ፣ በሌላው መጥረቢያ ገዝቶ እንዲያመጣላቸው አዘዙት። መጥረቢያውን ሲያመጣው እጀታውን በገዛ እጃቸው አስገቡለት። እንጨት እየቆረጠ እንዲሸጥና ለ15 ቀን እንዳያዩት ነገሩት። ሰውየው 10 ድርሃም አግኝቶ፣ ከፊሉን ልብስ ከፊሉን ምግብ ገዝቶ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ስለ ልመና ክፉነት ብቻ ስንተርከው ኖረናል። ሁለቱ ድርሃሞች እንዴት እንደተከፈሉ ግን ልብ ብለን አላየነውም። ሁለቱም ለምግብ አልዋሉም። ሁለቱም ለመጥረቢያ አልዋሉም። ቅደም ተከተሉም ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ምግቡ ለቤተሰቡ ይደርሳል፣ ከዚያ መጥረቢያው ይመጣል። ያለውን ሁሉ ሕልሙ ላይ አውሎ ቤተሰቡን የሚያስርብ ወጣት በሁለቱም ድርሃም መጥረቢያ የገዛ ሰው ነው። ልጁ ያገኘውን ሁሉ ዛሬውኑ እንዲያስበላው የሚያስገድድ ቤተሰብ ደግሞ ሁለቱንም ድርሃም የበላ ቤተሰብ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ለልመና ይወጣል።

ስለዚህ ለወጣቱ የምንለው «ሕልምህን ተው» አይደለም፤ «ሁሉን ጥለህ ሂድ» አይደለም። አንዱን ድርሃም ለይ እንለዋለን። ቀን ተቀጥሮ ይሥራ፤ ማታና ቅዳሜ መጥረቢያውን ይሳል። ለወላጅም የምንለው አለን። ልጃችሁ ከሚሰጣችሁ ላይ አንዱን ድርሃም ለመጥረቢያው ተዉለት። ያ ድርሃም የጠፋ አይደለም።

ትርፍስ?

ሁለተኛው ከባድ ጥያቄ የገንዘብ ነው። «ሰው እየረዳሁ ነው ካልክ ለምን ዋጋ ትጠይቃለህ? ዋጋ የምትጠይቅ ከሆነ ደግሞ ነጋዴ ነኝ በል እንጂ ለምን ሰው እረዳለሁ ትላለህ?» ይባላል። የረዝዋን ድርጅት ለትርፍ ያልቆመ ስለሆነ ይህ ጥያቄ አይነካው ይሆናል። ሁሉም በርዳታ መሥራት ግን አይችልም፤ ርዳታም የሚያልቅበት ቀን አለ።

ባለ መጥረቢያው እንጨቱን በነፃ አላደለም፤ ሸጠው። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መዲና ሲገቡ ወንድማቸው የተደረጉት ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) የሀብታቸውን ግማሽ ሊያካፍሏቸው ቢፈልጉ፣ ዱዓ አድርገውላቸው የገበያውን መንገድ እንዲያመለክቷቸው ብቻ ጠየቁ። በኋላ ያፈሩት ሀብት ግን ከሙስሊሙ ጉዳይ ተለይቶ አያውቅም። ትርፍ በራሱ ነውር አይደለም። እንዲያውም የሚከፍል ሰው ይቆጣጠራል፤ ሥራው ካልጠቀመው ሁለተኛ አይመጣም። በነፃ የሚሰጥ የማይረባ ነገር ግን ለዓመታት ሲሰጥ ሊኖር ይችላል።

ጭንቁ የሚመጣው ትርፉና የሰዉ ችግር መንገድ ላይ ሲለያዩ ነው። አንድ ቀን ይለያያሉ። የሚከፍለው ደንበኛ በዚህ በኩል፣ የተቸገረው በዚያ በኩል ይቆማል። ያን ቀን ሰውየው ማንን እንደተከተለ ኒያው ይታወቃል። ኢማም አቡ ሐኒፋ በኩፋ የሐር ጨርቅ ነጋዴም ተማሪም ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። የንግድ ሸሪካቸው ጉድለት ያለበትን ጨርቅ ጉድለቱን ሳይናገር እንደሸጠ ሲሰሙ፣ ገዢውም ሊገኝ ባለመቻሉ፣ የዚያን ሽያጭ ገንዘብ በሙሉ ሰደቃ እንዳወጡት ይተረካል። የጉድለቱን ያህል ብቻ ቀንሰው ማውጣት በቻሉ ነበር። ነገር ግን ያ ገንዘብ ከቀረው ሀብታቸው ጋር እንዳይቀላቀል ፈለጉ።

በዘመናችን ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የወጣት ሥራ ፈጣሪዎች ውድድር ሲበዛ ችግሩን የማጋነን ፈተናም በዝቷል። ሽልማት ለማግኘት የድሃው ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ታሪኩ ይቀባባል፣ ያልተፈታው ችግር እንደተፈታ ይነገራል። የሰውን ችግር የሸጠ ሰው ችግሩን አልፈታውም። ይህ በሸሪዓችን ሪያእም ነው፣ ማታለልም ነው። ችግሩ በእርግጥ ተፈትቶ እንደሆነ የሚጠየቀው ዳኛው ሳይሆን ባለችግሩ መሆን አለበት።

እጀታውን ማን ያስገባ?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ወጣቱ ነው። በመጥረቢያው ታሪክ ውስጥ ግን ሌሎች ሰዎችም አሉ። በአንድ ድርሃም ሊሸጥ የነበረውን በሁለት የገዛ ሰው አለ። ያ ሰው ባይኖር ኖሮ ለመጥረቢያ የሚተርፍ ድርሃም አይኖርም ነበር። ከሁሉም በላይ እጀታውን በእጃቸው ያስገቡት የአላህ መልክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) አሉ። ሰውየውን መክረው ብቻ አልሸኙትም።

የእኛ ጀማዓ በዚህ በኩል እንዴት ነው? የኢትዮጵያ ሙስሊም ንግድን ከማንም አልተማረም። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ አብዛኛው ሙስሊም የርስት መብት ስላልነበረው በንግድና በሽመና፣ በእጁ ሙያ ነው የኖረው። ነጋዴ አላጣንም። በወሎ የገጠር መስጊዶችና ሐሪማዎች ከአገር አገር በእግሩ እየዞረ ዒልም የሚፈልግ ደረሳም አላጣንም፤ ሰዉ ካለው ላይ እያካፈለ ያኖረው ነበር። ያጣነው የሁለቱን መገናኛ ነው። ነጋዴው የተማሪውን ሐሳብ ልጅነት ይለዋል፤ ተማሪው የነጋዴውን ልምድ ኋላ ቀር ይለዋል። እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ገንዘባቸውን ለአንድ ታማኝ ወጣት አምነው ለንግድ የሰጡት ከነብይነት በፊት ነው። የወጣቱ መያዣ አማናው ብቻ ነበር። ሙዳረባ የምንለው የንግድ ሽርክና መሠረቱ ይኸው ነው፤ ከአንዱ ገንዘብ፣ ከሌላው ድካም።

ቀድሞ «ከወለድ ነፃ የሆነ ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚል አቤቱታ ነበረን፤ እውነትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ ከወለድ ነፃ ሥራቸውን ከጀመሩ በኋላ ግን አቤቱታው ቀሎ ጥያቄው ወደ ራሳችን ተመልሷል። መያዣ ቤት የሌለው፣ በእጁ ሐሳብና ሙያ ብቻ ያለው ተማሪ ከማን ዘንድ ይቆማል? በየመስጊዱ ለግንባታ ከምናዋጣው ላይ ለቀርድ ሐሰን የሚሆን ጥቂት ብናስቀምጥ ምን ይጎድልብናል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ችግሩማ ከደጃችን አልራቀም። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች አርብቶ አደሩ ውሃና ግጦሽ ፍለጋ ሲንቀሳቀስ ልጁ ከትምህርት ይቀራል። በጎረቤታችን ኬንያ፣ በጋሪሳ፣ የአገሪቱ ብሔራዊ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1996 መጻሕፍትን በግመል ጭኖ ወደ አርብቶ አደሩ መሄድ ጀምሮ ነበር። ግመሉም እንደ ጀልባው አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ሕዝቡ ዘመኑን ሁሉ የሚያውቀው ነው። አዲሱ ነገር የሚያውቀውን ለጎደለው ነገር ማዋሉ ነው። ከዚህም ቀረብ ስንል፣ መስማት የተሳነው ወንድማችን ጁሙዓ መጥቶ ኹጥባው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሰግዶ ይወጣል። የገበሬው እህል ጎተራ ውስጥ ነቀዝ ይበላዋል። የምልክት ቋንቋ የምትወድ ተማሪ የለችንም? ነፍሳትን ማጥናት የሚወድ ልጅ የለንም? አሉን። እነሱንና ችግሩን ያገናኘ ሰው ነው የጠፋው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ በውስጥህ የሚነድ፣ በውስጥሽ የሚነድ ነገር ካለ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ የተሰጠኝ ነገር ማንን ይጠብቃል? ያ ሰው የምወደውን ነገር መልኩን እንድለውጥለት ቢጠይቀኝ እለውጣለሁ? ከእጄ ካለው ሁለት ድርሃም የትኛው የቤቴ፣ የትኛው የመጥረቢያዬ ነው? እኛ ታላላቆችም አንድ ነገር እንጠየቃለን። ልጁ መጥረቢያውን ይዞ ሲመጣ እጀታውን ያስገባው ማን ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠንን የምናውቅ፣ ያወቅነውን ለሰው የምናውል፣ ለወላጆቻችንም የዓይን ማረፊያ የምንሆን ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።